የማረክኳቸው ሲንቄዎች

የሰላም ኤክስፐርት ለመሆን የፈጀብኝ ሦስት ወር ነው።

ነቀምቴ ውስጥ አራተኛ ክፍል ሳስተምር ቆይቼ ወደ አውራጃው የሴቶች ጉዳይ ክፍል ተዛወርኩ። በዓመቱ ደግሞ ቡልጋርያ፣ ሶፊያ ከተማ፣ «ሴቶችና የዓለም ሰላም» የሚል ኮርስ እንድወስድ ተላክሁ። በብቃቴ ነው የተመረጥኩት እያልኩ ለብዙ ጊዜ ሳወራ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ተመርጠው ነበር፤ አንዷ አረገዘች፣ ሌላዋ አውሮፕላን አልሳፈርም አለች።

ሶፊያ ውስጥ የተማርነው ስለ ኒውትሮን ቦምብ ነው። አውሮፓ ውስጥ የትኛው ሚሳይል የት እንደተተከለ በካርታ ላይ እያሳየሁ መናገር እችል ነበር። ሁለት መንደር በአንድ ምንጭ ቢጣላ ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስመለስ የቢሮዬ በራፍ ላይ «የሴቶችና የሰላም ጉዳይ ኤክስፐርት» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ለጠፍኩት ብል ይሻላል።

እናቴ ሐረግወይን ከአባቴ ከገብረመስቀል ጋር ከጉራጌ አገር መጥታ፣ ነቀምቴ ገበያው ዳር ሃያ ስምንት ዓመት ጨርቅ የሸጠች ሴት ናት። አዲሱን ሥራዬን ስነግራት፣ ሸዋርጋ የሚለውን ስሜን እንደ ልማዷ አሳጥራ፣ «ሸዋሬ፣ ማንን ከማን ነው የምታስታርቂው?» አለችኝ።

«እማ፣ እርቅ አይደለም፤ ሰላም ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሰላም ሰፋ ይላል።»

የያዘችውን አቡጀዲ በሜትር እየለካች «ይሁና» አለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ነቀምቴ ተወልጄ ስላደግኩ ፎርም ስሞላ «ኦሮምኛ፦ በጣም ጥሩ» እላለሁ። የእኔ ኦሮምኛ የሱቅ ኦሮምኛ ነው። ማስወደድ፣ ማርከስ፣ «ቀለሙ አይለቅም» ብሎ መማል ላይ የሚስተካከለኝ የለም። ከባንኮኒው ወዲያ ያለውን ኦሮምኛ ግን እንደማላውቀው የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

በ1979 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከአርጆ ቁልቁል ዲዴሳ ሸለቆ ውስጥ ጠብ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በፊት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች እዚያ መንደር ተሠርቶላቸው ነበር። በመንደሩና በአገሬው ገበሬዎች መካከል ከብት የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ አለ፤ ሆራ ይሉታል። የሰፋሪዎቹ ሴቶች ሌላ ውሃ ሩቅ ሆኖባቸው ሆራው አፍ ላይ በሳሙና ልብስ ያጥባሉ። ከብቶቹ ውሃውን እያሸተቱ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች እዚያው ተገፋፉ፣ አንድ እንስራ ተሰበረ፣ ወንዶች ደረሱ። ከሰፋሪዎቹ ሁለት ቤት ተቃጠለ፤ ከአገሬው ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የኦቦ ኢዶሳ ልጅ፣ ጨመዳ፣ ሁለት ጣቱን በገጀራ አጣ።

የሰላም ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዋጋሪ የሚባል የነቀምቴ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ሦስት ሚሊሺያዎች ከአርጆ ተጨመሩ። ከአርጆ ጤና ጣቢያ ደግሞ ድርቤ የምትባል የጤና ረዳት ቁስለኛውን እንድታክምና ለእኔም እንድታስተረጉም ተመደበች። «አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» አልኳት ገና እንደተዋወቅን። እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ፋሻዋን መቁረጥ ቀጠለች።

የመጀመሪያውን ቀን መጠይቅ ስሞላ ዋልኩ። አርባ ሦስት ጥያቄ ነበረው፤ ከሶፊያ ያመጣሁትን ራሴ ተርጉሜ ራሴ በስቴንስል ያባዛሁት። መጀመሪያ ያገኘኋት የሺወርቅን ነው፤ ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ሰፋሪዎች አንዷ ናት። ባሏን በድርቁ ወሎ ቀብራ ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች ረጅም ሴት። የተቃጠለው ቋሚ አጠገብ ቆመን ጥያቄ አሥራ ሁለት ላይ ደረስኩ።

«በቀን ስንት ሰዓት ትርፍ ጊዜ አለሽ?»

ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «ቤቴ ከተቃጠለ ወዲህ ማለትሽ ነው፣ እታለም? የሚጠረግ ቤት ስለሌለኝ ትንሽ ተርፎኛል።»

«ሁለት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ የእጅ ጽሑፌ በጣም ያምራል።

ከሰዓት በኋላ ወደ አገሬው ሴቶች ተሻገርኩ። ታላቃቸው ቀለሟ ትባላለች፤ ሁሉም «አዮ» ይሏታል፣ እናታችን እንደማለት። ባቄላ እየፈለፈለች ተቀበለችኝ። ስለ ቤት አያያዝ የሚለውን ጥያቄ አንድን ሳልጨርስ መጠየቅ የጀመረችው እሷ ሆነች። የማን ልጅ ነሽ? ባል አለሽ? እናትሽ ደኅና ናት? ባል እንደሌለኝ ስነግራት፣ «ታዲያ ስለ ቤት የምትጠይቂኝ ልትሠሪ አስበሽ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ነገ ሜዳው ላይ በሚደረገው የእርቅ ስብሰባ እኛ የት ነው የምንቆመው?»

«ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሴት ይወከላል» አልኳት። ይህ ተራማጅ ሐሳብ መስሎኝ ኮርቼበታለሁ።

«እኛ ሁላችንም እንመጣለን» አለች።

«ሁለት ብቻ፣ አዮ።»

ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች። እሺ ያለችኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ድርቤ የጨመዳን ቁስል ልታጥብ ቀርታለች። አገሬው በቀኝ፣ ሰፋሪው በግራ፣ በመካከል አንዲት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛዋ ኋላ ዋጋሪና እኔ። ዋጋሪ ሦስት ገጽ ንግግር ጽፎ መጥቷል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከአገሬው ወገን አንድ ሰው «የጨመዳ ጣት የት አለ?» ብሎ ጮኸ። ከሰፋሪው ወገን «ቤታችንስ?» የሚል መልስ መጣ። ወንዶቹ ተነሡ። ገጀራ ያልያዘው ዱላ ይዟል። በመካከላቸው የቀረው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ የአንዱ ወገን ትንፋሽ ለሌላው የሚሰማ መሰለኝ። ሶፊያ ውስጥ ሰው ሊገዳደል ሲነሣ በዓይኔ አላሳዩኝም።

በዚህ መሐል ከኮረብታው በኩል እልልታ ተሰማ። ዘወር ስል ሴቶች ናቸው። ሁለት አይደሉም፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ በኋላ ቆጥሬአለሁ። ቀለሟን አስቀድመው እየዘመሩ በቀጥታ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። በእያንዳንዳቸው እጅ ቀጭን ዱላ አለ።

እኔ ያየሁት ዱላውን ብቻ ነው። ሶፊያ በሦስተኛው ሳምንት ላይ «ግጭት ሲባባስ ሴቶችም ይታጠቃሉ» የሚል ትምህርት ነበረን፤ እንዲያውም ከስሩ በቀይ አስምሬበታለሁ። ይኸው ታጠቁ!

«ትጥቅ አስፈቷቸው!» ብዬ በሚሊሺያዎቹ ላይ ጮህኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ታላቅየው ሚሊሺያ፣ ጉሉማ፣ ጠመንጃውን ወደ ኋላው አዙሮ፣ «ጓድ፣ እኔ እናት አለችኝ። እጄን አልሰድም» አለኝ።

ፈሪ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድኩና በሁለቱ ወገን መካከል ከደረሰችው ከቀለሟ እጅ ዱላዋን ያዝኩ። ትታገለኛለች ብዬ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። እሷ ግን ወዲያው ለቀቀችልኝ፤ ወደ ኋላ ተንገዳግጄ ልወድቅ ስል አንዱ ሰፋሪ ደገፈኝ። እልልታው ቀጥ አለ። ከዚያ ከሁለተኛዋ፣ ከሦስተኛዋ፣ ከሠላሳ አንዳቸውም እጅ ወሰድኩ። ወንዶቹም ገጀራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አንድ በአንድ ወደየመንደራቸው ተበተኑ።

ሴቶቹ መካከል ሲገቡ ወንዶቹ ቀድሞውኑ ቆመው ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን በኋላ፣ ነገሩን በሐሳቤ ደጋግሜ ሳመላልሰው ነው። ያኔ ያቆምኳቸው እኔ መስሎኝ ነበር። ዱላዎቹን ታቅፌ ወደ ዋጋሪ ዞርኩ። ፊቱን በንግግሩ ወረቀት ሸፍኗል። ተደንቆ ነው አልኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ሪፖርት ጻፍኩ። «ኤክስፐርቷ በወሰደችው ፈጣን እርምጃ 31 (ሠላሳ አንድ) ዱላ ተማርኳል። በእኛ በኩል የደረሰ ጉዳት የለም።» ዱላዎቹን በሲባጎ አስሬ የገበሬ ማኅበሩ ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

በማግስቱ ማለዳ ኦቦ ኢዶሳ መጣ። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሲናገር አገር የሚያዳምጠው ሰው ነው። ጀርባው ላይ የልጅ ልጁን አዝሏል። አስተዛዘሉን ስለማያውቅበት ልጁ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ያለቅሳል። ሸሚዙ ላይ ወተት ተደፍቶበታል።

«ሚስቶቻችንን መልሺልን» አለኝ።

«የት ሄዱ?»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው! ትናንት ከሜዳው ቤት አልገቡም። ሆራውን ተሻግረው ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። ላሟ ለእኔ አልታለብ አለች። እሳቱ ጠፋ። የጎረቤቴ ምራት አራስ ናት፤ ሕፃኗን ይዛ ከእነሱ ጋር ሄዳለች። አገር ባዶ ሆነ፣ ጓድ!»

ድርቤ ያን ጊዜ ገና መድረሷ ነበር። መጋዘኑን ከፍቼ ምርኮዬን ሳሳያት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሸዋርጋ! ይኼ እኮ ሲንቄ ነው!»

«ምን?»

አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሲንቄ ማለት እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ዱላ ነው። ሰው አይመታበትም። ወንዶች ሊገዳደሉ ሲነሡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መካከል ይቆማሉ፤ ያን አልፎ የሚመታ ወንድ የለም፤ እናቱን እንደመታ ነው የሚቆጠረው። ሲንቄ ከተደፈረ ደግሞ ሴቶቹ ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ደፋሪው ወድቆ ይቅርታ እስኪለምን አይመለሱም።

«እስከ ዛሬ የደፈረ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

ትንሽ አሰበች። «አያቴ ስለ አንድ ሰካራም ስታወራ ሰምቻለሁ።»

ዋጋሪን ፈልጌ ሄድኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

«ታውቅ ነበር?»

«እናቴ ሲንቄ አላት» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

አንገቱን አቀረቀረ። «ከሶፊያ ነው የመጣሽው። እዚያ ያስተማሩሽ አዲስ ነገር ይኖራል ብዬ ነው። ደግሞ ኋላ ቀር ልማድ ተከላካይ እንዳልባል ፈራሁ።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ የምቆጣበት ምክንያት ግን አላገኘሁም። ሁለታችንም ለአንድ የሶፊያ የምስክር ወረቀት ነበር የሰገድነው፤ የእኔ ይባስ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የራሴ ነው።

ድርቤና እኔ ሠላሳ አንዱን ሲንቄ ተሸክመን ወደ ሆራው ወረድን። ቁጥቋጦው ጋ ስንደርስ የሳቅ ድምፅ ሰማን። ቀስ ብዬ በቅጠሉ መካከል አየሁ። የአገሬው ሴቶች ዛፉ ስር ተቀምጠዋል፤ ከሰፋሪዎቹም ወደ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በመካከላቸው አሉ። ቂጣና የተቀቀለ በቆሎ አምጥተውላቸዋል። የሺወርቅ መሐል ላይ ቆማ እንጨት ይዛለች። አንገቷን አቅንታ፣ ቂጧን ወደ ኋላ አድርጋ ትራመዳለች፤ ከዚያ እንጨቱን ከአንዷ እጅ በሙሉ ኃይሏ ትስብና ወደ ኋላዋ ትንገዳገዳለች። ቀለሟ ዕንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከሳምንት በፊት ሆራው ላይ ተገፋፍተው እንስራ የሰበሩት ሁለት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ይንፈራፈራሉ። አማርኛ ለማያውቁት የሚተረጉም አላስፈለገም።

እንደዚያ እራመዳለሁ እንዴ? ብዬ ድርቤን በዓይኔ ጠየቅኋት። ወደ ሰማይ አየች።

መመለስ ፈለግሁ። እንደዚያን ቀን ነቀምቴ፣ ባንኮኒው ኋላ፣ ጨርቅ እየለካሁ መሆን ተመኝቼ አላውቅም። ድርቤ ግን የይቅርታ ምልክት የሆነውን ለምለም ሣር ነቅላ እጄ ላይ አስያዘችኝና የምለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ «ዲፈማ ናፍ ጎዳ»፣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ገፋ አድርጋ ከቁጥቋጦው አወጣችኝ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሲንቄዎቹን መሬት ላይ አኖርኩ፤ ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ቀለሟ ፊት ተንበረከክሁ። ሃምሳ ሴት ያየኛል። አፌን ስከፍት፣ ሃያ ስምንት ዓመት በእናቴ ሱቅ ሲመላለስ የኖረው ኦሮምኛ ቀድሞ ወጣ።

«ጋቲ ናፍ ሂርኢሳ!»

ዋጋ ቀንሱልኝ።

ድርቤ ከኋላዬ ስታቃስት ሰማሁ። ቀለሟ በሳቅ ፈነዳች። ሁሉም ፈነዱ። ወሎዬዎቹ «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ድርቤን ከበቡ፤ ሲነገራቸው እንደ አዲስ ተጀመረ። እኔም እዚያው እንደተንበረከክሁ መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። ስለ ዱላው ብቻ አይደለም። ቤቷ የተቃጠለባትን ሴት ስለ ትርፍ ጊዜዋ የጠየቅሁት ትዝ ብሎኝ ነው።

ቀለሟ ጭንቅላቴን ያዘች። «ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ቀጥላ በዝግታ፣ እንዲገባኝ፣ «አልቀንስም። ሙሉውን ትከፍያለሽ» አለች።

ቅጣቴን ወዲያው አሳወቀችኝ። ሲንቄዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ለየባለቤቷ በእጄ እንድመልስ፤ ከዚያም የተቃጠሉት ሁለት ቤቶች ሲሠሩ ጭቃ እንዳቦካ። መመለሱ ብቻ ረፋዱን ሙሉ ፈጀ። ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ቡናማ፤ ለእኔ አንዱ ከሌላው አይለይም። እያነሣሁ «የማን ነው?» እላለሁ፤ ባለቤቲቱ ከሩቅ አይታ ታውቀዋለች፤ ትነሣለች፣ ትቀበለኛለች፣ ጉንጬን ትስማለች ወይም ትቆነጥጠኛለች። ሁለቱንም ያደረጉ አሉ።

እኔ በዚህ ስዋትት ሴቶቹ ዋናውን ጉዳይ ጨረሱት። እንዴት እንደተጀመረ እንኳ አላየሁም። በሃያኛው ሲንቄ ገደማ ጆሮዬን ስጥል የሺወርቅና ቀለሟ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ድርቤ በመሐል እየተረጎመች፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ያወራሉ።

«ከሆራው በታች ድንጋያማው ጋ ውሃ አለ» ትላለች ቀለሟ። «ለምን እዚያ አታጥቡም?»

«መንገዱን ማን አሳየን?» አለች የሺወርቅ። «እሾህ ነው ያየነው። ብናውቅማ ከብት የሚጠጣው ላይ ሳሙና እናፈስ ነበር? እኛም ከብት ነበረን እኮ። ሁሉም አለቀ እንጂ ነበረን።»

ድርቤ ይህን ስትተረጉም ቀለሟ የራሷን ነጠላ ጠርዝ አንሥታ የየሺወርቅን ፊት ጠረገችላት።

ከሰዓት በኋላ የሁለቱም ወገን ወንዶች ሣር ይዘው እንዲመጡ ተላከባቸው። መጡ። ኢዶሳ ልጁን እንዳዘለ ነው የደረሰው። ውሳኔውን የነገሩት ሴቶቹ ናቸው፤ የአገሬው ወንዶች እሾሁን መንጥረው መንገድ ይሠራሉ፣ ለሁለቱ ቤት እንጨት ያመጣሉ፤ የሰፋሪዎቹ ወንዶች የጨመዳ እጅ እስኪድን እርሻውን ያርሳሉ። ዋጋሪ ሦስተኛውን ገጽ ሊያነብ ወረቀቱን አወጣ፤ ቀለሟ አየችው፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ጫማዬን አውልቄ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ረገጥኩ። የሺወርቅ ጭዱን እየበተነችልኝ፣ «አብሽሪ እታለም፣ ለዚህስ ጥሩ እግር አለሽ» አለችኝ። ሰላሙ ውስጥ ያደረግሁት አስተዋጽኦ ይኸው ነው፤ አንድ ተኩል ግድግዳ።

ነቀምቴ ስመለስ እውነቱን ጻፍኩ። ሪፖርቱ በሳምንቱ ተመለሰልኝ፤ ኅዳጉ ላይ «የኤክስፐርቷ ሚና ግልጽ አይደለም» ተብሎበታል። እኔ ግን ከዚያ በላይ ግልጽ ላደርገው አልቻልኩም። ዋጋሪ አዘነልኝና አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረበት፤ «ኤክስፐርቷ ሴቶቹን በአንድ ዓላማ ዙሪያ አሰባስባለች»። ውሸት አይደለም። ምስጋና ተጻፈልኝ፤ በየወረዳው እየዞርኩ ስለ ሰላም ማስከበር እንዳስተምርም ተወሰነ።

መጀመሪያ በሄድኩበት ወረዳ፣ ጉቴ ላይ፣ ስለ ኒውትሮን ቦምብ አስተማርኩ። ከፊተኛው ረድፍ አራት ሴቶች ተኝተዋል። ሁለተኛው ኑኑ ቁምባ ነበር። ድርቤን አስተርጓሚ እንድትሆነኝ ራሴ ጠይቄ ወሰድኳት። መድረኩ ላይ ወጥቼ ደብተሬን ስከፍት ከፊት ለፊቴ ሦስት አሮጊቶች ሲንቄያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደብተሩን ዘጋሁት።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ። «ሲንቄ ስለነጠቀች ሴት ነው።»

ዋጋ ቀንሱልኝ ያልኩበት ጋ ስደርስ አዳራሹ ተናወጠ። ሳቁ በረድ ሲል አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ በእነሱ ቀበሌ ስላለ የወፍጮ ቤት ጠብ መናገር ጀመረች፤ ሌላዋ እንዲህ አይደለም ብላ ተቀበለቻት፤ ሦስተኛዋ ተነሣች። በኦሮምኛ፣ በፍጥነት፣ ከባንኮኒው ወዲያ ባለው ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። መፍትሔ የመጣልኝ መሰለኝና አፌን ከፈትኩ።

ድርቤ እግሬን ረገጠችኝ። ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ከፈትኩ፤ አሁንም ረገጠችኝ።